ለተኳሹ ተዘፈነ፤ ጥይቱን ላደረሰለትስ?

ቀረርቶና ፉከራ ከሚሰማበት ማኅበር የተገኘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሀገራችን የጦር ዘፈን አብዝቶ የሚያወድሰው ጋሻ ያነገበውን፣ ጠመንጃ የተኮሰውን፣ ጠላት የጣለውን ጀግና ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ያ ጀግና የተኮሰውን ጥይት፣ የበጠበጠውን በሶና የቀመሰውን ጨው ማን አደረሰለት? ለዚህኛው ሰው የተዘፈነው ዘፈን እምብዛም ከአደባባይ አይሰማም።

ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስንዴ፣ ነዳጅና መሣሪያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያመላልሱ የነበሩት የንግድ መርከበኞች ወታደሮች አልነበሩም፤ ሞት ግን ከወታደር ለይቶ አላያቸውም። ከብሪታንያ የንግድ መርከቦች ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ መርከቦች ላይ የመርከበኛው ደመወዝ የሚቋረጠው መርከቡ ከሰጠመበት ቀን ጀምሮ ነበር። በጀልባ ላይ ሆኖ ከማዕበል ጋር የታገለባቸው ቀኖች እንደ ሥራ አይቆጠሩለትም ነበር። በአሜሪካ ጃክ ሎውረንስ የተባለው የዘፈን ደራሲ በዚያው በጦርነቱ ዘመን መዝሙር ደረሰላቸው፤ የዘማችነት መብት ግን ያገኙት በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። የኖርዌይ መንግሥትም ለራሱ መርከበኞች ስለ ደረሰባቸው በደል ይቅርታ የጠየቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፈኑ በደረሰበት ስፍራ ሕጉ ለመድረስ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ታዲያ ባሕር የማያውቀው የይፋት ቆላ ከመርከበኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትል ይሆናል። ግመል የበረሃ መርከብ መባሉን አትዘንጋ። ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ ሳምንታት ሙሉ አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚገባው በዚሁ በይፋት በኩል ነበር። ከአጣዬ በስተደቡብ በምትገኘው በፋሬ ላይ ግመሉ ሸክሙን ያራግፋል፤ የአንኮበርን ዳገት ለመውጣት አይችልምና። ከዚያ ወዲያ አህያ፣ በቅሎና የሰው ትከሻ ይረከቡታል። በዓርብ ገበያዋ የታወቀችው አልዩ አምባ አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራውና ኦሮሞው የሚገናኙባት ስፍራ ነበረች። ጨውም በዚሁ መንገድ ይመጣ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ የሚሸጠውን ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በዚሁ መንገድ አንኮበር ገባ። ጉዞው ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ ወሰደበት። የራምቦ ስም በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ግመሎቹን የጎተቱት፣ የውሃውን ጉድጓድ የሚያውቁትና ሌሊቱን በዘብ ያሳለፉት ሰዎች ስም ግን የት አለ? ሽፍታውና ጥማቱ ቀድሞ የሚያገኘው እነርሱን ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጮኸው ጠመንጃ አንዳንዱ እንዲህ ባለ ቅፍለት በግመል ጀርባ የመጣ ነው። በዚያም ዘመቻ ቢሆን ወታደሩ ስንቁን የሚያገኘው በአህያው፣ በበቅሎው፣ በሚስቱና በአሽከሩ ድካም ነበር። በውጊያው ዋዜማ ሠራዊቱን እጅግ ያሳሰበው ጉዳይ የስንቅ ማለቅ እንደ ነበር ታሪክ ያስረዳል።

ዘመኑ ሲለወጥ ግመሉ ስፍራውን ለከባድ መኪና ለቀቀ። ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣው መንገድ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ዳገት ይወጣል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ የጅቡቲ ባቡር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ፤ የምጽዋ መንገድም በውጊያ ታወከ። ስለዚህ የሀገሪቱ ሸክም በአብዛኛው በአሰብ ላይ ወደቀ። ይህም መንገድ ቢሆን ከአደጋ የራቀ አልነበረም፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በተነሣው ግጭት ተቋርጦ ነበር። ባሕሩን በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ሠራተኞችና የባዕድ መርከበኞች ያሻግሩታል፤ በረሃውንና ዳገቱን ደግሞ ሹፌሩና ረዳቱ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት አሰብ ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ እስኪዞር ድረስ ሥራው እንዲህ ሆኖ ቆየ። ስለ ሹፌር የሚዘፈነው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ፍቅሩና ስለ መንገደኛነቱ እንጂ በጦር ጊዜ ስላደረሰው እህልና ነዳጅ አይደለም።

ዘፈን ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? የጭነት ሰው ሹመት የለውም፤ ሐውልትም አይቆምለትም፤ ስሙም በዜና መዋዕል አይገባም። የሚቀርለት መዝገብ የሕዝብ አፍ ብቻ ነው። ያም መዝገብ እየሳሳ ነው። የአርጎባ ቋንቋ በብዙ መንደር ስፍራውን ለአማርኛና ለኦሮምኛ ለቋል፤ በዚያ ቋንቋ የተዜመውም አብሮ ይሄዳል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትወድም ብዙ ቤተሰብ ተበተነ። ሽማግሌና የልጅ ልጅ ተራርቀው ሲኖሩ፣ ማታ እሳት ዳር ይተላለፍ የነበረው ወግና ዜማ ተቀባይ ያጣል።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ያለህ ወጣትና በመሥሪያ ቤት ያለህ ወጣት ሹም፣ ለዕረፍት ወደ ቆላው ስትወርድ ደብተር ያዝ። ግመል የነዱትን አባቶች፣ ስንቅ ያዘጋጁትን እናቶች፣ በአሰብ መንገድ የሸበቱትን ሹፌሮች ጠይቅ። ጭነት ሲጫን፣ ውሃ ሲቀዳ፣ በሌሊት ሲጓዙ ምን ይሉ እንደ ነበር በቋንቋቸው ጻፍ፤ ቦታውንና ዘመኑንም አትተው። አሳምረህ ለማረም አትቸኩል፤ እንደ ሰማኸው ይቀመጥ። የዛሬው ጭነት በደረሰ ጊዜም ያደረሰውን ሰው ስሙን መጠየቅ ልመድ።