ድክ ድክ የሚል ሕፃንና የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ

ከ1 እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ያለ ሕፃን ዓለሙን የሚያውቀው በመዳሰስና በመቅመስ ነው። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ማስገባቱ የጤናማ ዕድገት ምልክት እንጂ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ «አትንካ» እያሉ መቆጣት ብቻውን ከኤሌክትሪክ አደጋ አይጠብቀውም፤ መስተካከል ያለበት ቤቱ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ደረቅና ወፍራም ቆዳ የኤሌክትሪክን ፍሰት የመግታት አቅሙ እስከ 100,000 ኦህም ሊደርስ ስለሚችል የሚያሳልፈው 2 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ቆዳው ሲርስ ግን አቅሙ ወደ 1,000 ኦህም ሊወርድና 220 ሚሊአምፔር ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም የልብን ምት ለማቆም ይበቃል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ አፉ ደግሞ ዘወትር በምራቅ የራሰ ነው።

ከቆጣሪው ጋር ያለው ብሬከር ያድነዋል ማለት ስሕተት ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከጭነት ብዛት ነው። በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጠው የፍሳሽ መከላከያ መሣሪያ ይጠቅማል፤ ሆኖም ሁለቱን ሽቦዎች በአንድነት ለሚያኝክ ሕፃን እርሱም ላይደርስለት ይችላል።

ምን እናድርግ?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ከዋናው ቤት ወደ ማዕድ ቤት የተዘረጋ ሽቦ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ኤክስቴንሽንና የእንጀራ ምጣድ ገመድ የሕፃን እጅ በሚደርስበት ቦታ ሊገኙ ይችላሉ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ደካማ መጋጠሚያን ያግላል፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያም ውሎ አድሮ ይላቀቃል። እንዲህ ያለውን ሽቦ በባለሙያ ማስቀየር፣ ኤክስቴንሽንን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ዝቅ ብሎ የተተከለን ሶኬት መክደን ይገባል። መብራት ሲጠፋም ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል፤ መብራቱ የሚመለሰው ሳያስጠነቅቅ ነው።

አደጋ ከደረሰ

በቅድሚያ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ያጥፉ። ይህ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ሽቦውን ያርቁ፤ ሕፃኑን በባዶ እጅ አይንኩ። የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ወዲያውኑ ይጀመር። የተቃጠለውን ቆዳ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀቡ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሕፃኑ በሐኪም ይታይ፤ በውስጥ ያለው ጉዳት ከውጭ ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል።

የከንፈር ጥግ ቃጠሎ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ሲወድቅ የከንፈር ደም ሥር ሊከፈትና ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ወላጅ «አለፈ» ብሎ በተረጋጋበት፣ ምናልባትም ከሆስፒታል ርቆ ባለበት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ከንፈሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከውስጥና ከውጭ አጥብቆ ይዞ ሳይለቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ሕይወት ያድናል። ሕክምና የሰጠ ባለሙያም ይህን ለቤተሰቡ ሳያስረዳና እናት ወይም አባት አያያዙን አድርገው ሳያሳዩት ሕፃኑን ወደ ቤት ሊያሰናብት አይገባም።