ወራጅ ውሃ በያርቆን

ቤተ እስራኤል በጎንደር መንደር ሲቆረቁሩ ከእርሻው እኩል ወንዙን ያዩ ነበር። መንጻት በወራጅ ውሃ ነውና ወንዝ የራቀው ቦታ አይመቻቸውም። ዛሬ ብዙዎቻቸው ከነልጆቻቸው በሚኖሩባት በፔታህ ቲክቫም በስተሰሜን ወንዝ አለ፤ ያርቆን ይባላል። ድልድዩን በአውቶቡስ እየተሻገሩ ወንዙን ሳያዩ ዓመታት መኖር ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ላስተዋውቃችሁ።

መነሻው ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ሮሽ ሃዓይን ነው። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ የዓይን ራስ፣ ማለትም የምንጩ መነሻ ማለት ነው። ምንጩ አጠገብ ያለው ጉብታ የመጽሐፈ ሳሙኤል አፌቅ ነው። ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን በማረኩበት ጦርነት የሰፈሩት እዚያ ነበር። አሁን ጉብታው ላይ የሚታየው ምሽግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማን ቱርኮች የሠሩት ነው። ወንዙ ከዚህ ተነሥቶ 27.5 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ቴል አቪቭ ላይ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።

ፔታህ ቲክቫ በ1878 ስትመሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወንዙ ረግረግ ወባ አመጣባት፤ ሰፋሪዎቹም ለጊዜው ትተዋት ሄዱ። በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ሰው ወንዙን ጎዳው። በ1955 የምንጩ ውሃ በትልቅ ቧንቧ ወደ ኔጌቭ በረሃ ተመራ። በረሃው እርሻ አገኘ፤ በወንዙ ውስጥ ግን ንጹሕ ውሃ እየቀነሰ የከተሞች ፍሳሽ በዛ። በ1997 ማካቢያ የተባለው የአይሁድ ስፖርት ጨዋታ ተሳታፊዎች የሚያልፉበት ድልድይ ወደ ያርቆን ሲደረመስ 4 አውስትራሊያውያን ሞቱ፤ ከመካከላቸው የወንዙ ብክለት ባመጣባቸው ኢንፌክሽን ሆስፒታል ውስጥ ያረፉ ነበሩ። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የወንዙን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ጣት የምታህል ብርማ ዓሣ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ከቴል አቪቭ የተወሰደው ይህች ዓሣ የምትገኘው በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ወንዞች ብቻ ነው። በ1999 ድርቅ ሲበረታ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተረፉትን አውጥተው በገንዳ አራቡ። ከ2006 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የዓሣ ጫጩቶች ወደ ወንዙ ተመለሱ፤ እዚያም መራባት ያዙ። በ1988 የተቋቋመው የያርቆን ወንዝ ባለሥልጣንም ፍሳሹ እንዲጣራ፣ ከምንጩም ንጹሕ ውሃ እንዲለቀቅ ሲደክም ቆይቷል።

በወንዙ ውስጥ ሌላ የምናውቀው ዘመድ አለ፤ የጣናው አምባዛ። ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ አይበላም፣ ቢሆንም ጢሙን እያወዛወዘ ሲዋኝ ማየት አገር ያስታውሳል።

ለቀዘፋ የሚመቸው የታችኛው ክፍል ነው። የባሕር ውሃ ስለሚገባበት ጥልቅና ዝግ ያለ ነው፤ የቴል አቪቭ ቀዛፊዎች የሚለማመዱትም እዚያ ነው። የካያክ መቅዘፊያ ሁለት ጫፍ አለው፤ የጣና ባለታንኳ ዱላውን በግራና በቀኝ እንደሚያፈራርቀው ሁሉ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። እኔን የሚስበኝ ግን ላይኛው ነው። ከምንጩ እስከ ቃና ወንዝ መገናኛ ድረስ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዳሩም ሸምበቆ ነው። መንጠቆውን ቤት ትታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዳሩ ላይ ጸጥ ብላችሁ ብትቀመጡ ብርማዎቹ ዓሦች በመንጋ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይመጣሉ፤ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው ደግሞ ወደ ሸምበቆው ይበተናሉ።