ቀድሞ የሚፈላው ውሃ

የጎረቤቴ የጋሼ ላዳ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ደርሳ ስትመለስ የሙቀት መለኪያዋ ንቅንቅ አይልም። ሜክሲኮ አደባባይ መንገድ ሲዘጋጋባት ግን ታፈላለች። በፈጣኑ መንገድ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን እያቃጠለ፣ ብዙ ሙቀት እያመነጨ ደህና ይቆያል፤ ቆሞ ሥራ ሲፈታ ይግላል። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታክሲ የሠሩባት 2101 ናት። ጠባይዋን ስለሚያውቁት ከኋላ ኮፈኗ የውሃ ጀሪካን አይጠፋም።

«አርጅታለች ልጄ» ይላሉ። «የእኔስ ጉልበት እንደ ድሮው ነው?»

እኔ ግን ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ያረጀ ሞተር ሲከብደው ነው የሚደክመው፤ ይቺ ሲቀልላት ነው የምትታመመው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ራዲያተሩ ነበር። ተፈትቶ ታጠበ፣ ዝገት ያዘለ ቡናማ ውሃ ወጣው፣ መኪናዋ ግን ማፍላቷን አልተወችም። ቀጥሎ መካኒኩ «ቴርሞስታቱ ይነቀል» አለ። በየጋራዡ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለላዳ ግን አይሆንም። የላዳ ቴርሞስታት ሁለት መንገድ ይጠብቃል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። 80 ዲግሪ ግድም ሲደርስ የራዲያተሩ መንገድ መከፈት፣ አቋራጩም መዘጋት ይጀምራል። የውስጡ አካል ከተነቀለ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ ብዙው ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ጋሼ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ እምቢ አሉ። «ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላስገባውም» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ ልክ ነበሩ።

ፍንጩ የተገኘው ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን በሚኒሞ ስናዞረው ነው። እጄን ከራዲያተሩ ፊት ዘረጋሁ፤ የሚሳበው ንፋስ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ጋሼ ቤንዚን ሲሰጡት ንፋሱ በረታ፣ ሲለቁት ወዲያው ሞተ።

የዚህች መኪና ፋን የታሰረው በውሃ ፓምፑ ላይ ነው፤ ቺንጋው ፓምፑንም ፋኑንም አንድ ላይ ያዞራል። ስለዚህ ፋኑ የሚታዘዘው ለሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ስለ ውሃው ሙቀት የሚያውቀው ነገር የለም። መንገድ ተዘግቶ መኪናዋ ስትቆም፣ ከፊት የሚገባ ንፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ፋኑም አብሮ ያንቀላፋል። በ80 እና በ90 ስትበር ደግሞ የመንገዱ ንፋስ ራሱ ራዲያተሩን እያቀዘቀዘው ሳለ ፋኑ በከንቱ ይጮኻል። ከንቱነቱም በነፃ አይደለም። ፋን የሚገፋው አየር ከዙሩ ጋር እኩል ያድጋል፤ የሚበላው ጉልበት ግን በዙሩ ኩብ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከ800 ወደ 4,000 ዙር ሲወጣ ፋኑ 5 እጥፍ አየር ይገፋል፣ 125 እጥፍ ጉልበት ይወስዳል። በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚለግም፣ በማያስፈልግበት ሰዓት ጉልበት የሚበላ አካል ነው።

በዚህ ላይ ከተማችን አለች። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን፣ በያው ዙር፣ እዚህ ሲሠራ ሙቀት የሚሸከምለት አየር በሩብ ያህል ይጎድልበታል።

የመኪና ሠሪዎቹ ይህን ችግር አላጡትም ነበር። በአገራችንም ብዙ የሠራችው ፔጆ 404 ውሃው ሲግል ብቻ በኤሌክትሮማግኔት የሚያያዝ፣ ሲቀዘቅዝ የሚላቀቅ ፋን ነበራት። ይበልጥ የሚገርመኝ የላዳ ዘመዶች ታሪክ ነው። ላዳ የተቀዳችው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣችው ፊያት 124 ነው፤ የእሷ ፋን በሞተር ይዞር ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ያው የቱሪን ፋብሪካ ፊያት 128ን አወጣ። የ128 ሞተር በአግድም ስለተቀመጠ ቺንጋው ከፊት ወዳለው ራዲያተር አይዞርም፤ ስለዚህ ፋኑን በኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሙቀት ስዊች አዞሩት። ቦታ ማጣት የወለደው ዘዴ ለሙቀቱም መድኃኒት ሆነ። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ትናንሽ ቶዮታዎች ብዙዎቹ በዚሁ ነው የሚሄዱት። ኋላ የመጡት የላዳ ሞዴሎችም ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ፋን አላቸው፤ የጋሼ 2101 ብቻ በእናቷ ሥሪት ቀረች።

ሶማሌ ተራ ወርደን የኋለኛ ላዳ ፋን፣ ለስዊች የሚሆን ቀዳዳ ከታች ያለው ራዲያተር፣ 92 የሚል ቁጥር የተመታበት የሙቀት ስዊች፣ ሬሌና ፊውዝ ገዛን። ገመዱን የዘረጋው በሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት ነው፤ አሠራሩን እያየሁ ተደሰትኩ። የፋኑን ከባድ ኤሌክትሪክ በስዊቹ አላሳለፈም። ፋን ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው በመደበኛው ዙር ከሚስበው 2 እና 3 እጥፍ ስለሆነ፣ በቀጥታ ከተያያዘ ስዊቹን ሊያቃጥለው ይችላል። ስዊቹ ሬሌውን ብቻ ያዛል፤ ከባትሪ በፊውዝ አልፎ የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ከፋኑ ጋር የሚያገናኘው ሬሌው ነው። የዲናሞው ነገርም አሳስቦት ነበር። የ2101 ዲናሞ 42 አምፔር ነው፤ ያም ሞተሩ ሲሮጥ እንጂ በሚኒሞ አይደለም። ማታ የፊት መብራቶቹ በርተው መንገድ ሲዘጋ ፋኑ ቢነሳ ባትሪው እየተበላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አደረገው፣ የላላውን ቺንጋም ወጠረው።

አሮጌው ፋን ተነቅሎ ቺንጋው ፓምፑንና ዲናሞውን እያዞረ ቀረ። አዲሱ ሲነሳ ልጁ ብጣሽ ጋዜጣ ከራዲያተሩ ፊት ለቀቀ። ጋዜጣው በረረ! ሁለቱ ገመዶች ተገላብጠው ኖሮ ፋኑ ንፋሱን ወደ ፊት ይተፋ ነበር። እንዲህ ሆኖ መንገድ ቢወጣ ከመኪናዋ ንፋስ ጋር ይጋፋ ነበር። ገመዶቹ ሲቀያየሩ ጋዜጣው ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ አለ። ፋኑ በክፈፉ ውስጥ ስለተቀመጠ ወረቀቱ መሐል ላይ ብቻ ሳይሆን ጥግ ላይም ተያዘ። ያለ ክፈፍ የታሰረ ፋን የሚስበው ከክንፎቹ ፊት ያለውን ብቻ ነው፤ ጥጎቹ ዝም ብለው ይግላሉ።

ሁሉም ነገር ልክ ነበር። መኪናዋም ሜክሲኮ ላይ እንደገና አፈላች።

ጋሼ ምንም አላሉም፤ ልጁ ግን አፈረ። «ጋሼ፣ ስዊቹ ነው የተበላሸው። ፋኑ የተነሳው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው» አለ። እሱ ራሱ ስዊቹን ነቅሎ፣ ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር አያይዞ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ብረት ድስት ውስጥ አንጠለጠለው። እኔ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ። ምድጃው ላይ ጣድነው። 80 አለፈ፣ 85 አለፈ። ከሥር ትናንሽ አረፋዎች ተነሱ። ከዚያ ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ አምፖሉም በዚያው ቅጽበት በራ።

«ይኸው! ሲፈላ ነው የሚበራው፣ በ100!» አለ ልጁ።

ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ቆሟል። እሳቱን ጨመርን፤ ውሃው ተናወጠ እንጂ ከ92 ፈቀቅ አላለም።

ስዊቹ ደህና ነበር፤ ቀድሞ የፈላው ውሃው ነው። 92 የሚለው ቁጥር የተመረጠው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው፤ እዚያ ፋኑ ከመፍላቱ 8 ዲግሪ ቀድሞ ይነሳል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ግድም ስለሆነ ፋኑና እንፋሎቱ እኩል ይደርሳሉ። ስዊቹ ደግሞ የተተከለው ከራዲያተሩ ሥር፣ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ በሚያልፍበት ነው። ታች 92 ሲሆን ላይኛው ከዚያ በልጧል።

ግን ራዲያተር ክፍት ድስት አይደለም፤ ክዳን አለው። የላዳ ክዳን በውስጡ ባለው ስፕሪንግና ጎማ 0.5 ከባቢ አየር ያህል ግፊት አፍኖ እንዲይዝ የተሠራ ነው። በእኛ ከፍታ ይህ የመፍያውን ነጥብ ከ92 ወደ 106 ግድም ያወጣዋል። ወደ አሮጌው ክዳን ዞርን። ራዲያተሩ ሲቀየር ክዳኑ አልተቀየረም ነበር። የሥሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ለስንት ዓመት ይህች መኪና ክዳን እንደሌለው ድስት ስትፈላ ኖራለች! በመርከብ ወደብ ከተማ ብትኖር ኖሮ ያው የሞተ ክዳን ምናልባት ሳይታወቅ ይኖር ነበር፤ እዚህ ግን ከፍታው ይቅር አይልም።

አዲስ ክዳን ተገጠመ። ስዊቹም በ87 በሚነሳ፣ በ82 በሚያርፍ ተለወጠ፤ በውሃው ላይ ኩላንት ተጨመረበት፣ እሱም የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ያሳድጋል። ላዳዋ አሁን ሜክሲኮ ላይ ስትቆም ፋኑ ይነሳል፣ መለኪያው ትንሽ ወረድ ይላል፣ ፋኑ ያርፋል። በፈጣኑ መንገድ ላይ ጭራሽ አይነሳም፤ ጋሼም «ጩኸቷ ቀነሰ» ይላሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይኖራሉ፣ ስለዚህ ይህ ሥራ ለብዙ ሰው ይደርሰዋል። ላዳም ሆነ ሌላ የቆየ መኪና ያላችሁና ቆማችሁ የምታፈሉ፣ ለፋን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የክዳኑን ጎማ እዩ፤ ዋጋው ከፋኑ ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን አትክፈቱ። ኤሌክትሪክ ፋን ካስገባችሁ ደግሞ አያያዙ ከባትሪ በቀጥታ ከሆነ ቁልፍ ተነቅሎም ሊነሳ ይችላል፤ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ፍቱ።