ያውቁ ኖሯል? የሀዲያ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ የማይሰጥበት ምክር ቤት

በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የቀድሞው የደቡብ ክልል ሕገ መንግሥት፣ ከክልሉ ምክር ቤት ጎን ሀዲያና ከምባታን ጨምሮ የክልሉ ሕዝቦች የሚወከሉበት የብሔረሰቦች ምክር ቤት አቋቋመ። ለኢትዮጵያ ክልሎች ያልተለመደ አደረጃጀት ነበር። ዋና ሥራውም ሕግ ማውጣት ሳይሆን ሕገ መንግሥት መተርጎም ነበር።

በፌዴራል ደረጃ አምሳያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1.2 ሚሊዮን ያለፈው የሀዲያ ሕዝብ በዚህ ስሌት ሁለት፣ ሚሊዮን ያልሞላው የከምባታ ሕዝብ አንድ ወንበር ይደርሰዋል። አንቀጹ የክልል ምክር ቤቶች ተወካዮቹን ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። በተግባር የጸናው የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቀርቷል።