ባሚያ በከተማ ግቢ፦ ፀሐይና ጥላ



በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በቦሌ ቡልቡላ ግቢው ውስጥ ባሚያ የዘራ ሰው ይህ ሊገጥመው ይችላል፦ ተክሉ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ፍሬው ግን የለም። ዘሩ ነው? አፈሩ ነው? ይባላል። ከሁሉ በፊት ግን መታየት ያለበት ጥላው ነው።

ባሚያ የጥጥና የከርከዴ ዘመድ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። በብዛት ከሚበላባቸው አካባቢዎች አንዷ አሶሳ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ያህል ነው። በዚህም የእኛ ሰፈር ከአሶሳ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በቆላ ለጋ ችግኝ የቀትር ጥላ ሊጠቅመው ይችላል። እዚህ ግን ፀሐይ ብርሃንም ሙቀትም ስለሆነች፣ ጥላ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነሳዋል።

ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውሃና ከአየር ስኳር ይሠራል፤ አበባና ፍሬ የሚያድጉት በዚሁ ነው። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ ያለውን ሁሉ ብርሃን ፍለጋ ለመርዘም ያውለዋል፤ ግንዱ ይቀጥናል፣ እምቡጡ ይረግፋል። አፈሩም ስለማይሞቅ ዘሩ ሳይበቅል ሊበሰብስ ይችላል። ፍግ ቢጨመር ቅጠል ያበዛል እንጂ ብርሃን አይተካም።

ባሚያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህን ለመለካት የሶላት ወቅት የምናውቅበት ጥላ ይበቃናል። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዓስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ ከቀትሩ ጥላ ሌላ፣ ቁመቱን ሲያክል ነው። በዚያን ሰዓት ገደማ በስተምዕራብ ያለ የ2 ሜትር አጥር ጥላ 2 ሜትር ያህል፣ የ12 ሜትር ፎቅ ጥላ ደግሞ 12 ሜትር ያህል ይደርሳል። ጠዋት ደግሞ በስተምሥራቅ ያለው ግንብ እንዲሁ ያጠላል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ግንብ ቢኖር፣ መደቡ ከእያንዳንዱ የግንቡን ቁመት ያህል ከራቀ 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያገኛል።

በስተደቡብ ያለ ፎቅ ግን እንደ ወቅቱ ነው። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ናት። በበጋ እንግዲህ ከፎቁ በስተሰሜን ያለው መደብ ቀትር ላይ ሳይቀር ይጠላበታል።

ስለዚህ ሌሊቱ ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት፣ ፀሐይ በሚበዛበት ቦታ ዝሩ፤ የክረምቱ ደመናና ብርድ ሳይበረታ እንዲያብብ ነው። ጥላ የማይለቀውን ጥግ ለቆስጣና ለሰላጣ ተዉት፤ እነርሱ ከባሚያ ይልቅ ጥላን ይችላሉ። በአጥር ጥግ ዛፍ የምንተክልም ጥላው በማን መደብ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመን እንይ፤ የጎረቤት ሐቅ አለብንና።

ወላሁ አዕለም።