ስለ ደን ማኅተምና ስለ ርክክቡ ሰንሰለት

ከባሕር ማዶ በመጣ የወረቀት ሣጥን ጎን፣ በደብተር ጀርባ፣ በወተት ካርቶን ግርጌ ወይም አዲስ በተገዛ ወንበር ሥር ዓይኑን ያሳረፈ ሰው፣ ግማሿ የራይት ምልክት ግማሿ የዛፍ ቅርጽ የሆነች አንዲት ትንሽ ሥዕል፣ ከአጠገቧም ኤፍ ኤስ ሲ ተብለው የሚነበቡ ሦስት የላቲን ፊደላትና በ«ሲ» የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ቍጥር ሳያይ አይቀርም። ይህች ማኅተም ምን እንደምትመሰክር የተጠየቀ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ «እንጨቱ ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል። እርሷ ግን ስለ እንጨቱ ጥንካሬ፣ ስለ መድረቁ ወይም ምስጥ ስላለመድፈሩ አንዲት ቃል አትናገርም። ምስክርነቷ ሁለት ነው፤ አንደኛው እንጨቱ የበቀለበት ደን በሥርዓት የሚተዳደር ስለ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ግንዱ ከተቈረጠ በኋላ በእነማን እጅ እንዳለፈና እያንዳንዱ ተረካቢ የተረከበውንና ያስረከበውን በመዝገብ ስለ ማስፈሩ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ የማኅተሟ ኃይልም ድካምም የሚገኘው ግን በኋለኛው፣ ማለት በርክክቡ ሰንሰለት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የዚህ ጽሑፍ ሐተታ ወደዚያ ያዘነብላል።

ጥንተ ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1980ዎቹ ዓመታት የሐሩር አገር ደኖች እየተመነጠሩ መሄዳቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በተሰማ ጊዜ፣ «የሐሩር እንጨት አይገዛ» የሚል ዘመቻ በየቦታው ተነሣ። የዘመቻው ሰዎች አሳባቸው የቀና ቢሆንም አርቀው አላዩም፤ ደን ያለው አገር ከእንጨቱ የሚያገኘውን ገቢ ካጣ፣ ምድሪቱን ለከብት ግጦሽ ወይም ለእርሻ ከመመንጠር የሚከለክለው ነገር የለምና። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የተሰበሰቡት መንግሥታት ስለ ደን አስገዳጅ ውል ለመዋዋል ሳይስማሙ በተለያዩ በዓመቱ፣ ከ26 አገሮች የመጡ 130 ያህል ሰዎች፣ ከእነርሱም ነጋዴዎች፣ የተፈጥሮ ተቈርቋሪዎችና የደን ነዋሪዎች ጠበቆች፣ በካናዳ ከተማ በቶሮንቶ ጉባኤ አድርገው የደን መጋቢነት ምክር ቤትን፣ በላቲን ፊደላት ምኅጻር ኤፍ ኤስ ሲ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ በሜክሲኮ በኦዋሃካ ነበረ፤ በ2003 ወደ ጀርመን ወደ ቦን ተዛወረ። አባላቱ የአካባቢ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የኢኮኖሚ በተባሉ ሦስት ክፍሎች ተመድበው እኩል ድምፅ ይሰጣሉ፤ በእያንዳንዱም ክፍል ውስጥ ባለጠጎቹ የሰሜን አገሮችና ድኾቹ የደቡብ አገሮች ድምፁን እኩል ይካፈሉታል። የዓለም ጉባኤያት በአብዛኛው ለባለገንዘብ በሚያደሉበት ዘመን እንዲህ ያለ ሕገ መንግሥት ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ድርጅቱ ከእርሱ በኋላ በ1999 በአውሮፓ ባለደኖች አነሣሽነት የተቋቋመ፣ ፒ ኢ ኤፍ ሲ የሚባል ተፎካካሪ አለው።

ድርጅቱ ራሱ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የእርሱ ሥራ ሕግ ማውጣት ነው፤ ሕጉም በዐሥር አንቀጽ የተከፈለ ስለ ሆነ ከዐሥርቱ ትእዛዛት ጋር በቍጥር መግጠሙን አይቶ ፈገግ የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ደኑን የሚመረምሩት ሌሎች ነጻ ድርጅቶች ናቸው። እነርሱም መርማሪዎቻቸውን ልከው፣ የአገር ሕግ መጠበቁን፣ የሠራተኛው ደመወዝና ደኅንነት፣ የደኑ ነባር ነዋሪዎች መብት፣ የወንዝ ዳርና የብርቅዬ አራዊት መጠለያ አለመነካቱን አይተው፣ ለአምስት ዓመት የሚጸና ወረቀት ይሰጣሉ፤ በየዓመቱም ተመልሰው ይፈትሻሉ። በመርማሪዎቹ ላይ ደግሞ ሌላ መርማሪ ተሹሞባቸዋል።

ግንዱ ከደን በወጣ ጊዜ ግን ሌላ ዓለም ይጀምራል። ዛፍ በቆመበት ቦታ ሳለ ሥሩ ራሱ ምስክሩ ነው፤ ተቈርጦ፣ ተልጦ፣ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላ ግን በሕግ የተቈረጠውን ከተሰረቀው በዓይን መለየት የሚችል አናጢ በዓለም የለም። ስለዚህ ምስክሩ ወደ ወረቀት ይሸጋገራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ያገለገለ ሰው ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል፤ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሳይደረግ በሞዴል 22 ወጪ ሊሆን እንደማይችል ሁሉ፣ በዚህም ሥርዓት በማረጋገጫ ገቢ ያልሆነ እንጨት በማረጋገጫ ሊወጣ አይችልም። የመሰንጠቂያ ቤቱ፣ የጅምላ ነጋዴው፣ የኮምፔንሳቶው ፋብሪካ፣ የወረቀቱ ፋብሪካ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በአጭሩ ዕቃው ተፈጽሞ ማኅተም እስኪመታበት ድረስ በሕግ ባለቤት የሆነ ሁሉ የራሱ የምስክር ወረቀት ሊኖረው፣ በሚሰጠው ደረሰኝም ላይ ቍጥሩንና የእንጨቱን ዓይነት ሊጽፍ ግድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ወረቀት ከሌለው ሰንሰለቱ በእርሱ ላይ ይበጠሳል፤ እንጨቱ ያው እንጨት፣ ሰውየውም ታማኝ ቢሆን፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ገዢ መልሶ ሊቀጥለው አይችልም። ዕቃውን ሳይፈታ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ባለሱቅ ብቻ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው።

መርማሪው ወደ ፋብሪካ በገባ ጊዜ፣ ግቢው ጠርቷል ወይ፣ የተረጋገጠው ግንድ ከሌላው በቀለም ወይም በቦታ ተለይቷል ወይ ብሎ ማየቱ አይቀርም። ዋና ሥራው ግን ሒሳብ ነው። አንድ መሰንጠቂያ ቤት 100 ሜትር ኩብ የተረጋገጠ ግንድ ገዝቶ፣ ከግንዱ ግማሹ ቅርፊት፣ ቍርጥራጭና ሰጋቱራ ሆኖ 50 ሜትር ኩብ ጣውላ ብቻ ያወጣል እንበል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን በማረጋገጫ የሸጠው ጣውላ 70 ሜትር ኩብ ሆኖ ቢገኝ፣ ትርፉ 20 ሜትር ኩብ ከየት መጣ? መጋዝ እንጨት አይወልድም። ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ከዐሥሩ አንቀጾች ይልቅ ሌባን ያስደነግጣል፤ ስለዚህም መዝገቦቹ ከአምስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲቀመጡ ታዟል።

ማኅተሟ አንዲት ብትመስልም ሦስት ቃል አላት። አንደኛዋ ዕቃው ሁለመናው ከተረጋገጠ ደን እንደ መጣ፣ ሁለተኛዋ ከተጣለ ወረቀትና እንጨት እንደ ተሠራ፣ ሦስተኛዋ ግን ቅይጥ እንደ ሆነ ትናገራለች፤ የአንባቢ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህችኛዋ ላይ ነው። በቅይጡ ውስጥ የሚገባው ያልተረጋገጠ እንጨት ከሕግ ውጭ ያልተቈረጠ፣ የሰው መብት ተጥሶ ያልተገኘ፣ እጅግ የከበሩ ደኖችን ያላጠፋ፣ ደን ወደ ሌላ ጥቅም ሲለወጥ ያልመጣ፣ ዘሩም በቤተ ሙከራ ያልተለወጠ መሆን አለበት። ነገር ግን ፋብሪካው በተረጋገጠው መጠን ልክ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የማኅተም መብት አከማችቶ፣ በ24 ወር ውስጥ በሌላ ዕቃው ላይ ሊያወጣው ይፈቀድለታል። ስለዚህ ቅይጥ የሚል ማኅተም ያለበትን ጠረጴዛ የገዛ ሰው፣ በእርሱ ጠረጴዛ ውስጥ የተረጋገጠ እንጨት አንዲት ስንጥር እንኳ ላይኖር ይችላል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሒሳቡ ሐቀኛ ነው፤ ጉድለቱ ሒሳቡን ለገዢው በግልጥ አለመንገሩ ነው።

ከዚህ የከበደው ነቀፌታ ሌላ ነው። የሚመረመረው ነጋዴ ለመርማሪው ራሱ ይከፍላል፤ ከፋዩን አስቀይሞ ገበያ የሚያጣ ምስክር ወደ ሰማዕተ ሐሰትነት እንዳያዘነብል የሚጠብቀው የበላይ ተቈጣጣሪው ፍርሃት ብቻ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ግሪንፒስ ኢንተርናሽናል በ2018 አባልነቱን ሳያድስ መቅረቱ ለዚህ ዓይነቱ ቅሬታ ምልክት ነው። በሌላ በኩል ሰንሰለቱ ባዶ ወረቀት እንዳልሆነ የታየበትም ጊዜ አለ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድርጅቱ በሩሲያና በቤላሩስ የንግዱን የምስክር ወረቀት ሁሉ ስላገደ፣ ዛፎቹ በቦታቸው ቆመው ሳሉ የዚያ ሰፊ ምድር እንጨት በማኅተሙ መሸጡ ቀረ።

ወረቀት ሊዋሽ ስለሚችል፣ አሁን እንጨቱን ራሱን የመጠየቅ ጥበብ እየተስፋፋ ነው። ከሰማይ የሚወርደው ዝናም በውስጡ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ከባድና ቀላል አቶሞች ምጥጥናቸው እንደ ባሕሩ ርቀትና እንደ ተራራው ከፍታ ይለያያል፤ ዛፉም የጠጣውን ውኃ ጠባይ በሥጋው ውስጥ ይዞ ይኖራል። የለንደኑ የኪው ዕፀዋት ተቋም የሚገኝበት፣ ወርልድ ፎረስት አይዲ የተባለ ኅብረት፣ ቦታቸው በትክክል ከታወቀ ደኖች ናሙና እየሰበሰበ ያከማቻል፤ እንጨቱ ከአንድ አገር መጣ የሚል ወረቀት በቀረበ ጊዜ ናሙናው ከዚያ አገር ክምችት ጋር ይመሳከራል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ የሆነ የእንጨት ነጋዴዎች ነገር መስሎ ቢታየው፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣውን የደን ምንጣሮ ሕግ ይመልከት። ሕጉ እንጨትን ከቡና፣ ከካካዎ፣ ከጎማ፣ ከፓልም ዘይት፣ ከአኩሪ አተርና ከቀንድ ከብት ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ምርት በገበያው እንዳይሸጥ ይከለክላል። የተፈጻሚነቱ ቀን ወደ ፊት ቢገፋም ዋናው ሥርዓት አልተለወጠም፤ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ የሚያመለክት የካርታ ነጥብ፣ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠም የዙሪያውን ድንበር ማቅረብ አለበት፤ የማኅተም ወረቀት ቢኖረውም ይህን ግዴታ አይተካለትም። የእኛ ገበሬ ደግሞ ማሳው ጠባብ ነው፤ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክብም ብዙ ነው፤ በጣቢያው ገንዳ የብዙ ሰዎች ቀይ እሸት በአንድነት ይፈስሳል። ሕጉ በቅይጥ ማኅተም እንደምናውቀው ያለውን የሒሳብ ማቻቻል አይፈቅድም፤ የብዙዎች ቡና መቀላቀሉን አይነቅፍም፤ የሚከለክለው ምንጩ ያልታወቀው ከታወቀው ጋር መደባለቁን ነው። እንግዲህ በጣቢያው በር ላይ ቆሞ የአምጪውን ስም፣ የማሳውን ነጥብና ኪሎውን የሚመዘግበው ጸሐፊ አንድ መስመር ከዘለለ፣ በዚያ ቀን በገንዳው የገባው ቡና ሁሉ ወደ አውሮፓ የመሄድ መብቱን ያጣል።