የሕክምና የቃል ፈተና ውጤትና የቅሬታ አቀራረብ

በሰሜን ሸዋ ዞን የግሼ ወረዳ መቀመጫ ለሆነችው ራቤልና መሰል የደጋ ከተሞች፣ አንድ ሐኪም በስፔሻሊስትነት የቃል ፈተና መውደቁ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሐኪሙ ምረቃ በዘገየ ቁጥር ሕሙማን ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚያደርጉት ጉዞ ይቀጥላልና።

የቃል ፈተና ውጤት በዕውቀት ብቻ ሳይሆን በፈታኙ አመለካከትና ለተፈታኙ በሚደርሰው በሽተኛ ዓይነት ጭምር ሊወሰን ይችላል። ይህንኑ ችግር ለማቃለል በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ የምዘና ዘዴ ማቅረባቸው ይታወቃል። በዘዴው መሠረት ተፈታኞች ሁሉ በተመሳሳይ ጣቢያዎች እየተዘዋወሩ፣ በተለያዩ ፈታኞች፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ መመዘኛ ይገመገማሉ።

የወደቀ ሐኪምም የተሰጠውን አስተያየት በዚሁ ሚዛን ሊያየው ይገባል። «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» የሚለው አስተያየት የተሳተውን ጥያቄ አያመለክትም፤ «የደም ግፊት ሳይለካ መድኃኒት አዘዘ» የሚለው ግን ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው። አስተያየቱ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ተፈታኙ የፈታኙን ማንነት ሳይሆን የተጠቀመበትን መመዘኛ በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚያ በፊት የተጠየቀውንና የመለሰውን ሳይረሳ መዝግቦ፣ ቁጣው ሲበርድ ከነባር ሐኪም ጋር ቢመረምረው ይመረጣል። ስህተቱ የራሱ ሆኖ ከተገኘም ጊዜውን ለልምምድ ማዋሉ ይጠቅመዋል።

ከቅሬታ ሰሚ ኃላፊዎች የሚጠበቀውም የተጓደለ አሠራርን ማረም እንጂ ውጤትን በርኅራኄ መለወጥ አይደለም። ያለብቃት የተሰጠ ማረጋገጫ ዕዳው የሚያርፈው በሕመምተኛው ላይ ነው።